በሦስተኛው ሳምንት የሚቆም ሩጫ

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ መሮጥ በየጊዜው እጀምራለሁ። መጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ወይ ቅልጥሜን ያመኛል ወይ ይታክተኛል፤ አንድ ቀን እቀራለሁ፣ ከዚያ በቃ። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት ለመጨረስ የማወጣው ዕቅድም እንደዚሁ ነው፦ ዘፍጥረትን በደስታ አልፋለሁ፣ ዘጸአት መጨረሻው ላይ እጠፋለሁ። አሁን ደግሞ የጥናት ቡድናችን «ከመዝናኛሽ ስለ ጽናት የተማርሽውን በ15 ደቂቃ አካፍዪን» ብሎ ተራ ሰጥቶኛል። ጽናት የሌላት ሰው ስለ ጽናት ምን ታካፍላለች? ታላቅ ወንድሜ ይባስ ብሎ «ከጨዋታ መንፈሳዊ ትምህርት መፈለግ ቃሉን ማቅለል ነው» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጀማሪዋ

መልስ

ውድ ጀማሪዋ፣ ሰላም ለአንቺም ይሁን።

ከደብዳቤሽ አንድ ነገር ጎልቶ ታየን። ሩጫውም ንባቡም የሚቋረጡት በአንድ ሰሞን ነው። አንቺ ይህን የእምነት ድክመት አድርገሽ ወስደሽዋል፤ ራስሽንም «ጽናት የሌላት» ብለሻል። ከመፍረድሽ በፊት ግን ዕቅዶቹን መመርመር ይገባል። ሁለቱም ገና ሲወጡ ጀምሮ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሰው የሚጥሉ ዕቅዶች ናቸው።

የንባቡን ሒሳብ እንሥራው። በ66 መጻሕፍት ቆጠራ መጽሐፍ ቅዱስ 1189 ምዕራፎች አሉት። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ሦስት ምዕራፍ ከሩብ ያህል ይመጣል። በዚህ አካሄድ 50ው የዘፍጥረት ምዕራፎች በ16ኛው ቀን ያልቃሉ፤ ታሪክ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይነበባል። በ23ኛው ቀን ዘጸአት 25 ላይ ትደርሻለሽ። ከዚያ ወዲያ የታቦቱ ልክ፣ የመጋረጃዎቹ ርዝመት፣ የሳንቃዎቹ ቁጥር፣ የካህኑ ልብስ ነው፤ ከምዕራፍ 35 ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው እንደገና ይተረካል። በ28ኛው ቀን ዘሌዋውያን ይከፈታል። እንግዲህ ዕቅዱ ከባዱን ክፍል ያስቀመጠው ልማዱ ገና ሥር ባልሰደደበት፣ የመጀመሪያው ደስታ ግን ባለቀበት ሳምንት ላይ ነው። ስንት ሰው እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ «እኔ ሰነፍ ነኝ» እንዳለ መገመት አያቅትም።

ሩጫውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰው ሶምሶማ ሲጀምር ቀድሞ የሚሻሻለው ትንፋሹ ነው። ልብና የደም ዝውውር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ያስለከለከው መንገድ እየቀለለ ይሄዳል። ጅማትና አጥንት ግን ቀርፋፋ ናቸው፣ ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲያርፍበት ወዲያው አይጠነክርም፤ አስቀድሞ አሮጌው ክፍል ይቦረቦራል፣ አዲሱ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከል ባሉት ሳምንታት አጥንቱ ከመጀመሪያው ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ ሊሆን ይችላል። ጀማሪው ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ትንፋሹ ስለተከፈተለት ፍጥነት ይጨምራል፣ ቀን ይጨምራል። ቅልጥም የሚታመመው ያኔ ነው። ከስንፍና ይልቅ ከልክ ያለፈ ትጋት እንደሚጥል ልብ በዪ፤ ለቡድንሽ የምታካፍዪውም ነገር ከዚህ የሚወጣ ይመስለናል።

እንግዲህ ሩጫውን እንዲህ አስተካክዪው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ውጪ፤ በሁለት የሩጫ ቀኖች መካከል ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር፤ ለምሳሌ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ። ሁልጊዜ በ5 ደቂቃ ፈጠን ባለ እርምጃ ጀምሪ፣ በ5 ደቂቃ ዝግ ባለ እርምጃ ጨርሺ። በመካከሉ ያለው ከ25 ደቂቃ ብዙም አይለፍ። በመጀመሪያው ሳምንት 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንን 8 ጊዜ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ ተኩል ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 7 ጊዜ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ መጀመሪያው ሳምንት ተመለሺ፤ 1 ደቂቃ በ2 ደቂቃ፣ 8 ጊዜ፣ ምንም ሳትጨምሪ። ይህ ሳምንት ይቀልሻል፣ ምናልባትም ያሰለችሻል። ሆን ብለን ነው፤ አጥንቱ የሚያርፍበት ሳምንት ነውና። «ዛሬ ጥሩ ስሜት ላይ ነኝና ልጨምር» የሚለው ሐሳብ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፤ አትስሚው።

በአራተኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ሮጠሽ 2 ደቂቃ ተራመጂ፣ 6 ጊዜ። በአምስተኛው 3 በ2፣ 5 ጊዜ። በስድስተኛው 4 በ2፣ 4 ጊዜ። በሰባተኛው 6 በ2፣ 3 ጊዜ። በስምንተኛው 10 ደቂቃ ሁለት ጊዜ፣ በመካከል 3 ደቂቃ እርምጃ። በዘጠነኛው መጀመሪያ 15፣ ከ2 ደቂቃ እርምጃ በኋላ 10። በአሥረኛው ሳምንት 25 ደቂቃ ሳታቋርጪ ትሮጫለሽ። አንዱ ሳምንት ከከበደሽ ድገሚው። አሥሩ ሳምንት አሥራ አራት ቢሆን የሚጎዳሽ ነገር የለም።

የጀማሪ ትልቁ ስሕተት ፍጥነት ነው፤ ለዚህ መለኪያው ሰዓት ሳይሆን ንግግር ነው። ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳትቆራርጪ መናገር የምትችይበት ፍጥነት ልክ ነው። «አባታችን ሆይ»ን ድምፅ አውጥተሽ በዪው። በየሐረጉ መጨረሻ ብቻ እየተነፈስሽ ከዘለቅሽ ደኅና ነሽ፤ በየሁለት ቃሉ አየር የምትፈልጊ ከሆነ ቀንሺ። ሰው ፈጥኖ እየተራመደ ሊያልፍሽ ይችላል፤ ይለፍሽ። ሰውነትን ለረጅም መንገድ የሚያዘጋጀው አብዛኛው ልምምድ የሚሠራው እንዲህ በዝግታ ነው። ልምድ ያላቸው ሯጮች እንኳ አብዛኛውን ኪሎ ሜትራቸውን ሳይጨናነቁ ነው የሚሮጡት።

በመካከል የምትራመጂባቸውን ደቂቃዎች እንደ ሽንፈት አትቁጠሪያቸው፤ የልምምዱ አካል ናቸው። ኢሳይያስ 40፥31ን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን፤ እግዚአብሔርን የሚጠባበቁ ኃይላቸውን ያድሳሉ ይላል። ቅደም ተከተሉን ግን አስተውዪው። መጀመሪያ እንደ ንስር መውጣት፣ ቀጥሎ መሮጥ፣ በመጨረሻ መሄድ። ሰው የሚጠብቀው ተገላቢጦሹን ነበር። ለምርኮኛ ሕዝብ የተነገረ መጽናኛ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ ሳይደክሙ መራመድ መቀመጡ ትንሽ ተስፋ አይመስለንም። ይህን የምንለው የእርምጃ ደቂቃሽን ለማጽደቅ ብቻ አይደለም፤ በጸሎት ሕይወትም ቢሆን መብረር የማይቻልበት ወቅት አለ፣ ያኔ መራመድ ይበቃል።

ስለ ሕመሙ ግን ጠንቀቅ እንበል፤ «ጽናት» የሚለው ቃል ሰው ራሱን እንዲጎዳ ምክንያት ሲሆን እናያለን። ሕመሙ በቅልጥሙ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ሰፋ ብሎ የተዘረጋ፣ ስትጀምሪ ተሰምቶ ሰውነትሽ ሲሞቅ የሚቀንስ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጫና ብዛት ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሩጫውን ትተሽ በማያምሽ መጠን ተራመጂ ወይም ዋኚ፤ ሕመሙ ሲጠፋ ከቆምሽበት ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሰሽ ጀምሪ። ሕመሙ ግን በአንድ ጣት የሚጠቆም አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ስትሮጪ እየባሰ ከሄደ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰሽ ወይም በዚያ እግር ብቻ ስትዘዪ ከወጋሽ፣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን የመሳት ስሜትም ወዲያውኑ የሚያስቆም ነው። ትኩሳት ሲኖርም አይሮጥም። የጎን ውጋት ግን አያስፈራም፤ ወደ እርምጃ ቀይረሽ የሚወጋሽን ቦታ በእጅሽ ተጭነሽ ረዘም አድርገሽ አየር አውጪ። ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰብሽ ከመሮጥሽ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ከባድ ምግብ አትብዪ። ጫማሽንም እዪው፦ ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መኖር አለበት። የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ፣ ከላይ ደኅና ቢመስልም፣ ሶሉ ጫናውን እንደ ቀድሞው አይችልም።

ድካምንና ጉዳትን መለየት በመንፈሳዊ ሕይወትም ያስፈልጋል። ኤልያስ በአንደኛ ነገሥት 19 ከአንድ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን፣ የመጣው መልአክ ስለ ጽናት አልሰበከለትም። አስነሥቶ አበላው፣ አጠጣው፤ ኤልያስ ተመልሶ ተኛ፣ ሁለተኛም ተቀስቅሶ በላ። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው በዚያ ምግብ ኃይል ነው። «ለምን እዚህ መጣህ?» የሚለው ጥያቄ የቀረበለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጸሎት ደረቅ ሲሆንብሽ አስቀድመሽ እንቅልፍሽን ጠይቂ። ለሳምንታት ምንም ነገር ደስ የማይልሽ፣ መተኛትም መብላትም የሚያቅትሽ ከሆነ ደግሞ «ልጽና» ብለሽ ብቻሽን አትግፊው። መንፈሳዊ መሪሽንም ሐኪምንም አማክሪ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

አሁን ወደ ቁልፉ ነገር እንምጣ፤ «አንድ ቀን እቀራለሁ፣ ከዚያ በቃ» ወዳልሽው። አንድ ቀን መቅረት ሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። አንድ ሳምንት እንኳ ብትቀሪ የምታጪው እጅግ ጥቂት ነው፤ ትንፋሽ በሚሰማ መጠን መቀነስ የሚጀምረው ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ነው። ስለዚህ ሩጫውን የሚያቆመው የቀረሽበት ቀን አይደለም፤ በማግሥቱ ለራስሽ የምትነግሪው ነገር ነው። ከአሁኑ ሕግ አውጪለት። አንድ ቀን ከቀረ የሚቀጥለውን ቀን እንደታቀደው ሮጠሽ እለፊ፤ ያመለጠሽን ለመካስ ሁለት ቀን አታከታትዪ። አንድ ሳምንት ከቀረ የመጨረሻውን ሳምንት ድገሚ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከቀረ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለሺ። ከአንድ ወር በላይ ከሆነ ከሳምንት አንድ ጀምሪ። ይህንን በወረቀት ጽፈሽ ጫማሽ ከሚቀመጥበት ቦታ ለጥፊው፤ ያን ቀን ጠዋት ከራስሽ ጋር የምትከራከሪበት ነገር እንዳይኖር። ምሳሌ 24፥16 ጻድቅ ሰባት ጊዜ እንደሚወድቅና እንደሚነሣ ሲናገር፣ መውደቁን ለጻድቅነቱ ማፍረሻ አላደረገውም።

ለንባቡም ተመሳሳይ ሕግ ያስፈልገዋል፤ እዚህ ላይ ከሌላ መዝናኛ እንዋስ። የሙዚቃ መሣሪያ የሚለማመድ ሰው በተሳሳተ ቁጥር ከመጀመሪያው ኖታ የሚጀምር ከሆነ፣ መግቢያውን አሳምሮ ይጫወታል፤ መካከሉን ግን መቼም አያውቀውም። አስተማሪው የሚነግረው የተሳሳተበትን አራት መስመር ብቻ ለይቶ፣ በግማሽ ፍጥነት ደጋግሞ፣ ከዚያ እንዲቀጥል ነው። በየአዲሱ ዓመት ከዘፍጥረት 1 የሚጀምር አንባቢም የፍጥረትን ታሪክ በቃሉ ያውቃል፣ ነህምያን ግን አያውቀውም። ስለዚህ ዘንድሮ ከዘፍጥረት አትጀምሪ። ያቆምሽው ዘጸአት 30 ላይ ከሆነ ዕልባቱን እዚያው ተዪውና ለጊዜው የማርቆስን ወንጌል ውሰጂ። 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ድምፅ አውጥተሽ ብታነቢ ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ምዕራፍ 14 ብቻ 72 ቁጥሮች ስላሉት ለሁለት ቀን ክፈዪው። በሳምንት ስድስት ቀን አንብበሽ አንዱን ቀን ክፍት ተዪ፤ የቀረ ካለ በእርሱ ይሟላል፣ ከሌለ ያነበብሽውን ታስቢበታለሽ። በዚህ አካሄድ ማርቆስ ሦስት ሳምንት አይሞላም፤ ሁልጊዜ የምታቋርጪበት ሰሞን ሲደርስ አንድ መጽሐፍ ጨርሰሻል። ከዚያ ወደ ዘጸአት 30 ተመልሰሽ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ቀጥዪ። ዓመት ሳይሆን ከሦስት ዓመት በላይ ይፈጃል። ይፍጅ።

ለክፉ ቀንም ትንሹን መጠን አስቀምጪ። በሩጫ ጫማ አስሮ 10 ደቂቃ መራመድ፤ በንባብ መዝሙር 117 (በሌላው አቆጣጠር 116)፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ያለው። ትንሹን መጠን ማድረግ እንደ ተፈጸመ ቀን ይቆጠር፤ የእጅ ሰዓትሽ ወይም የስልክሽ መተግበሪያ የሚልሽን ተዪው። እነዚህ መተግበሪያዎች ተከታታይ ቀን ቆጥረው አንዱ ሲጎድል ወደ ዜሮ ይመልሱሻል፤ ለንግድ ይጠቅም ይሆናል፣ ለነፍስ ግን የማይረባ ሒሳብ ነው። የወረቀት ቀን መቁጠሪያ ላይ የሮጥሽበትን ቀን አክብቢ፤ ባዶውን አትሰርዢው፣ ዝም ብለሽ እለፊው።

ስለ ታላቅ ወንድምሽ። ሐሳቡ ግማሽ እውነት አለበት፣ ግማሹን አክብሪለት። ጳውሎስ ራሱ ለጢሞቴዎስ (አንደኛ ጢሞቴዎስ 4፥8) የሰውነት ልምምድ ለጥቂት እንደሚጠቅም፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለነገር ሁሉ እንደሚጠቅም ጽፎለታል። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ነገር ግን «ከጨዋታ ትምህርት አይወሰድም» ማለት አይቻልም። ጌታችን በማቴዎስ 11፥16–17 የዘመኑን ትውልድ ያስተያየው በገበያ ተቀምጠው ከሚጫወቱና «ዋሽንት ነፋንላችሁ አልዘፈናችሁም» እያሉ ከሚጠራሩ ልጆች ጋር ነው። ጳውሎስም በአንደኛ ቆሮንቶስ 9 ሯጩንና ቦክሰኛውን ሲጠራ የተናገረው ለማያውቁት ሰዎች አይደለም፤ ከቆሮንቶስ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ውድድር ይደረግ ነበር፣ አሸናፊውም የሚሸለመው የቅጠል አክሊል ነበር። «የሚጠፋውን አክሊል» ሲል አድማጮቹ ዓይናቸው ያየውን ነው የጠራው። ቃሉ የሚቀለው ጨዋታው ቃሉን መተርጎም ሲጀምር ነው፤ ማለትም ሰው የሚናገረውን ከሩጫው አስቀድሞ ወስኖ፣ ጥቅስ ሲፈልግለት።

የ15 ደቂቃሽን ነገር ከዚህ አንጻር አዘጋጂው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚወድቀው «ሕይወት ሩጫ ነው» ብሎ ጀምሮ አሥር ትምህርት ሲዘረዝር ነው፤ ሰሚው አንዱንም ይዞ አይሄድም። አንድ ክስተት ብቻ ምረጪ፤ ለአንቺ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ሁለት ደቂቃ የሆነውን ተናገሪ፦ ትንፋሽ ቀድሞ፣ አጥንት ዘግይቶ፣ በመካከል ጉዳት። አራት ደቂቃ ዕብራውያን 12፥1–3ን አንብቡ፤ ግን ከምዕራፍ 10፥32–36 ጋር። ሦስት ደቂቃ ንጽጽሩ የማይሠራበትን ቦታ ተናገሪ። አራት ደቂቃ ሌሎቹ ይናገሩ፤ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ «ከአቅሜ በላይ ስለ ጀመርኩት ያቆምኩት ምንድን ነው?» የሚለውን እንመርጣለን። የቀረው ሁለት ደቂቃ ለጸሎት። ቀድመሽ ድምፅሽን አውጥተሽ በሰዓት ተለማመጂው፤ የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ሳይታወቅ ሰባት የመሆን ልማድ አለው።

በንባቡ ላይ አንድ ነገር ጠቁሚ። ዕብራውያን 12፥1 አስወግዱ የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ ሸክምን ሁሉ፣ ደግሞም ኃጢአትን። ስለዚህ ኃጢአት ሳይሆን የሚያስቆም ሸክም አለ ማለት ነው። በቀን ሦስት ምዕራፍ ከሩብ የማንበብ ዕቅድ ኃጢአት አይደለም፣ መልካም ምኞት ነው፤ ለአንቺ ግን በዚህ ዘመንሽ ሸክም ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሰው ኃጢአቱን ፈልጎ አጥቶ ግራ ሲጋባ፣ ብዙ ጊዜ ያልመረመረው ይህንን ነው።

ንጽጽሩ የማይሠራበትን ክፍል ደግሞ እንዳትዘዪው። እንዲያውም ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል እርሱ ነው። የዕብራውያን መልእክት አንባቢዎች በመዝናኛ የደከሙ ሰዎች አልነበሩም፤ ተሰድበዋል፣ ከእስረኞች ጋር መከራ ተካፍለዋል፣ ንብረታቸው ተዘርፏል። «መጽናት ያስፈልጋችኋል» የተባሉት እነርሱ ናቸው። በቡድንሽ ውስጥ የታመመ ወላጅ የሚያስታምም፣ ሥራ ያጣ፣ ልጅ የቀበረ ሊኖር ይችላል፤ በእርሱ ፊት የጠዋት ዳገትን ከመከራ ጋር ማስተካከል ያሳፍራል። እርሱ ሩጫውን አልመረጠውም፤ አንቺ መርጠሻል፣ ነገ ብትተዪውም ኃጢአት የለብሽም። ዕብራውያን «በፊታችን ያለውን» ሲል፣ እኛ የመረጥነውን ሳይሆን የተሰጠንን ነው። መዝናኛ የሚያስተምረው እንዴት እንደሚጸና ነው፤ ለምን እንደሚጸና አያስተምርም። ይህንን የሚነግረን ቁጥር 2 ነው፣ ዓይናችንን በኢየሱስ ላይ እንድናደርግ ሲያዝዘን።

ሌላም አለ። ሩጫ ላይ ያልደከመ አያገኝም፤ ጸጋ ግን በድካም አይገዛም። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ አንድም ሳምንት ልምምድ አልነበረውም፣ የተነገረው ግን «ዛሬ ከእኔ ጋር» ነው። ጽናትን ስታስተምሪ ይህን ከረሳሽ ሰዎች ደሞዝ የሚቆጥሩ ይመስላቸዋል። አካል ጉዳተኛ ወይም ሕመምተኛ ባለበትም የእግር ብርታትን ከእምነት ብርታት ጋር እንዳታገናኚ አፍሽን ጠብቂ።

ቅልጥምሽ ጨርሶ ሩጫን እምቢ ካለ፣ ነገሩ በሩጫ አልታሰረም። ሹራብ የሚሠራ ሰው ከአሥር መስመር በታች ያመለጠ ጥልፍ ሲያይ መተርተር ወይም መተው መምረጥ አለበት፤ ቼዝ የሚጫወት ሰው የተሸነፈበትን ጨዋታ እርምጃዎቹ ከተመዘገቡበት ጽሑፍ ላይ መልሶ በመፈተሽ ይሻሻላል። መዋኘትና ረጅም የእግር ጉዞም ለአጥንት ገር ናቸው። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መዝናኛው እድገቱ የሚታይ፣ ግን ቶሎ የማይጨረስ ይሁን።

ብቻሽን የምትሮጪ ከሆነ አብራሽ የምትወጣ አንዲት ሴት ፈልጊ፤ በሳምንት አንዱን ቀን እንኳ። ፍጥነቱን የምትወስነው ዝግ የምትለዋ ትሁን፤ ፈጣኗ ከመራች ሁለታችሁም በሦስተኛው ሳምንት ትቀራላችሁ። ንባቡንም ለእርሷው ንገሪያት፤ በየሳምንቱ አንዴ «የት ደረስሽ?» የምትልሽ፣ ሳትደርሺም የማትቆጣሽ ሰው ትበቃለች።

በጆሮ ማዳመጫ መዝሙር እየሰማሽ የምትሮጪ ከሆነም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያለ እርሱ ሞክሪ። ፈጣን ምት ያለው መዝሙር ሳይታወቅሽ እርምጃሽን ያፋጥነዋል፤ የትንፋሽሽንም ድምፅ ይሸፍናል፣ እኛ ደግሞ በትንፋሽሽ እንድትለኪ ነው የነገርንሽ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ዝግ ያሉትን መርጠሽ በአንድ ጆሮ ብቻ ስሚ፤ ሌላው ጆሮ መንገዱንና ተሽከርካሪውን ይስማ።